ማሰብ በአደባባይ

ኤድስገር ዳይክስትራ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ፣ ትሪጎኖሜትሪ ሊጀምር ሲል እናቱን ከባድ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እናቱ የሒሳብ ሰው ነበሩ። ቀመሮቹን በደንብ እንዲይዝ መከሩትና አንድ ነገር አከሉበት፤ አንድን ጥያቄ ለመፍታት ከአምስት መስመር በላይ ካስፈለገህ መንገድ ስተሃል ማለት ነው አሉት። ልጁ አድጎ፣ ስሙ በየአገሩ ተጠርቶ፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም ይህን ምክር ያነሳ ነበር።

ዳይክስትራ በ1930 ሮተርዳም ተወለደ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሌይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማረ፤ በአምስተርዳሙ የሒሳብ ማዕከል ፕሮግራመር ሆኖ ሠራ፤ ከ1962 ጀምሮ በአይንድሆቨን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር። በ1972 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ክብር የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። በ1984 ወደ ኦስቲን ተሻግሮ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1999 አስተማረ፤ በ2002 አገሩ ገብቶ ኑነን በሚገኘው ቤቱ አረፈ። እንዲህ ሲደረደር የማንኛውም የተሳካለት ምሁር ታሪክ ይመስላል። እኔን የሚስበኝ ግን ይህ ሰው ምርምሩንና ማስተማሩን ለያይቶ አለማየቱ ነው። ሰሌዳ ፊት ሲቆምም፣ ብቻውን ብዕር ሲይዝም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ የሠራሁት ነገር ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሞክሬው ሠርቷል የሚል መልስ ወዲያው አፋችን ላይ ይመጣል። ዳይክስትራ ዕድሜውን ያሳለፈው ይህ መልስ እንደማይበቃ በማሳየት ነው።

መጀመሪያ ላይ እንኳን ፕሮፌሰርነት፣ ሙያው ራሱ ስም አልነበረውም። በ1955 ገደማ ወጣቱ ዳይክስትራ ከፊዚክስና ከፕሮግራም ሥራ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ፊዚክስ የተከበረ ዕውቀት ነው፤ ፕሮግራም ግን ምንድን ነው? የሚመረመርበት ሥርዓት፣ የሚመዘንበት ሚዛን የት አለ? ይህን ጭንቀቱን ይዞ አለቃው ወደነበሩት ወደ አድሪያን ቫን ዋይንጋርደን ቢሮ ገባ። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጡት። እስካሁን እንዲህ ያለ የዕውቀት ዘርፍ የለም ስትል ልክ ነህ፤ ነገር ግን እነዚህ ማሽኖች ላይመለሱ መጥተዋል፤ በሚመጡት ዓመታት ፕሮግራምን የተከበረ ዘርፍ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ አንተ ብትሆንስ የሚል ሐሳብ አቀረቡለት። ዳይክስትራ ያ ንግግር የሕይወቱን አቅጣጫ እንደለወጠው በቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ላይ ተናግሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1957 ሲያገባ በጋብቻ ሰነዱ ላይ ሥራዬ ፕሮግራመር ነው አለ፤ የአምስተርዳም ሹማምንት እንዲህ ያለ ሥራ የለም ብለው አልተቀበሉትም። በሰነዱ ላይ የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተመዘገበ።

እዚህ ላይ አንድ መምህር ሊሠራ የሚችለውን አያለሁ። ቫን ዋይንጋርደን ለወጣቱ ምንም ቀመር አላስተማሩትም። የጎደለውን ነገር በትክክል አይቶ የተጨነቀን ልጅ፣ ያየኸው ጉድለት የአንተ ሥራ ነው አሉት። ብዙ ተማሪ የሚጠፋው ጉድለቱን ስላላየ አይደለም፤ ጉድለት ማየቱን እንደ ድክመት የሚቆጥርበት መምህር ስለሚገጥመው ነው።

በ1956 የሒሳብ ማዕከሉ አርማክ የተባለ አዲስ ኮምፒውተር ሊያስመርቅ ነበር። ለምረቃው የሚመጡት እንግዶች የሒሳብ ሰዎች አይደሉም። ጥያቄውንም መልሱንም የሚረዱት አንድ ማሳያ ያስፈልጋል። ዳይክስትራ ማንም ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ መረጠ፤ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚወስደው አጭሩ መንገድ የትኛው ነው? ለማሳያው 64 ከተሞች ያሉበት የኔዘርላንድ ካርታ አዘጋጀ። መፍትሔው የመጣለት ግን ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ሲዞሩ ቆይተው ደከማቸው፤ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጡ ተቀመጡ፤ በሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ ነገሩን በጭንቅላቱ ጨረሰው። ኋላ ሲያስታውሰው ወረቀት አለመኖሩ እንደጠቀመው ይናገር ነበር፤ ወረቀት ከሌለህ ሊቀር የሚችለውን ውስብስብ ነገር ሁሉ ለማስቀረት ትገደዳለህ።

ይህን ሐሳብ ጠጋ ብለን ብናየው ደስ ይለኛል፤ የሰውየው መላ አስተሳሰብ እዚህ ውስጥ አለና። ከሮተርዳም ተነስተን ሰሜን ወደምትገኘው ግሮኒንገን መሄድ እንፈልጋለን እንበል። ስለ ሮተርዳም እርግጠኛ ነን፤ ከራሷ ያላት ርቀት ዜሮ ነው። ከእርሷ በአንድ መንገድ የሚደረስባቸውን ከተሞች እንመለከትና ለእያንዳንዳቸው የምናውቀውን ርቀት እንይዛለን። ይህ ርቀት ገና ጊዜያዊ ነው፤ በሌላ በኩል ዞሮ የሚመጣ የተሻለ መንገድ ሊኖር ይችላል። አሁን ከጊዜያዊ ርቀቶቹ ሁሉ ትንሹን እንመርጣለን፤ ዴልፍት ናት እንበል። ልክ በዚህ ጊዜ የዴልፍት ርቀት ጊዜያዊነቱ ያበቃል። ወደ እርግጠኞቹ ዝርዝር ትገባለች፤ ተመልሰንም አንጠይቃትም። ከዚያ ከዴልፍት በኩል የሚደረስባቸውን ከተሞች አይተን፣ የጎረቤቶቹን ርቀት አስተካክለን፣ እንደገና ትንሹን እንመርጣለን። እንዲህ እያልን ግሮኒንገን ራሷ እስክትመረጥ ድረስ እንቀጥላለን።

ግን ዴልፍትን ተመልሰን እንዳንጠይቅ ምን መብት ሰጠን? የካርታውን አብዛኛውን ክፍል ገና አላየነውም። ወደ ዴልፍት የሚወስድ ሌላ አጭር መንገድ አለ ብለን እናስብ። ያ መንገድ እርግጠኛ ከሆንበት ክልል ሲወጣ መጀመሪያ የሚረግጠው አንድ የድንበር ከተማ ይኖራል። ያ ከተማ ግን ከዴልፍት የቀረበ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ኖሮ የምንመርጠው እርሱን ነበር። ከዚያ ተነስቶ ዴልፍት ለመድረስ ደግሞ ተጨማሪ መንገድ መሄድ የግድ ነው፤ ርዝመቱ ከዜሮ በታች የሆነ መንገድ የለም። ስለዚህ አጭር የተባለው መንገድ አጭር ሊሆን አልቻለም። ማረጋገጫው ይኸው ነው፤ የእናቱን የአምስት መስመር ወሰን አላለፈም።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ያላየነው ካርታ ስላየነው ነገር ያለንን እርግጠኝነት ሊያናውጥ አለመቻሉ ነው። ነገ በሰሜን በኩል አንድ ሺህ ከተማ ቢጨመር ዴልፍት ላይ የወሰንነው ውሳኔ ይጸናል። ደግሞም ምክንያቱን ስላወቅን ሐሳቡ የት ላይ እንደሚፈርስ እናውቃለን። አንዳንዱ መንገድ ወጪን የሚቀንስ፣ ከዜሮ በታች የሚቆጠር ቢሆን ማረጋገጫው የቆመበት እግር ይሰበራል፤ ያኔ ሌላ ዘዴ መፈለግ አለብን። ሞክሮት ስለሠራ ብቻ የተቀበለው ሰው ይህን ድንበር አያውቀውም። አንድ ቀን ሳያውቅ ይሻገረዋል፤ ማሽኑም የተሳሳተ መልስ በሙሉ ልብ ይሰጠዋል።

ዘዴውን ያቀረበበት ጽሑፍ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1959 በአንድ አዲስ የሒሳብ መጽሔት ታተመ፤ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። እዚያው ውስጥ ሁለተኛ ችግርም ፈትቷል፤ ብዙ ነጥቦችን በትንሹ ሽቦ ማገናኘት፤ ይህም ለሚቀጥለው ኮምፒውተራቸው የሚያስፈልገውን መዳብ ለመቆጠብ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም፣ በእኛም አገር ጭምር፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይህን ዘዴ ሳያገኘው አይመረቅም። በስልካችን መንገድ የሚመሩን ካርታዎችና በኢንተርኔት መስመር ላይ መልእክት የሚያሳልፉት መሣሪያዎች ከዚሁ ሐሳብ የተወለዱ ዘዴዎችን ይጠቀማሉ።

ከዚያ ሰላማዊ ካፌ በኋላ ግን ፍርሃት መጣ። ሁለቱ የማሽን ነዳፊ ባልደረቦቹ ሎፕስትራና ስኾልተን ለአዲሱ ኮምፒውተር አንድ ነገር አሰቡ፤ ከውጭ የሚመጣ ምልክት ማሽኑን በየትኛውም ቅጽበት የያዘውን አስጥሎ ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዞረው። የዚህ መጠሪያ ኢንተራፕት ነው። ዛሬ ያለዚህ የሚሠራ ኮምፒውተር የለም ማለት ይቻላል። ዳይክስትራ ግን ደነገጠ። አንድ ፕሮግራም በየትኛውም ቅጽበት ሊቋረጥ የሚችል ከሆነ ሊፈጠር የሚችለው ሁኔታ ተቆጥሮ አያልቅም። ስህተት ቢኖረው ዛሬ አንዴ ታይቶ፣ ነገ ሺህ ጊዜ ቢሞክሩት ሊሰወር ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት በሙከራ ማደን አይቻልም። ዳይክስትራ ውሳኔውን ለወራት አዘገየው፤ በመጨረሻ ባልደረቦቹ አግባቡት፤ እርሱም የዶክትሬት ጥናቱን በዚሁ ማሽን ላይ ጻፈ።

ይህን ፍርሃት አከብረዋለሁ። ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር በድፍረት ይጀምርና ሲፈርስበት ይማራል። ዳይክስትራ የፈራው ምን እንደሚመጣ ቀድሞ ስላየ ነበር፤ ያ ፍርሃት አሥር ዓመት ያስመረመረው ጥያቄ ሆነ። ብዙ ሥራዎች በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ እንዴት እርስ በርስ ሳይጠፋፉ ይስማማሉ? አይንድሆቨን ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ የሠራውና በ1968 ያሳተመው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለዚህ የሰጠው መልስ ነው። ሥራውን ደረጃ በደረጃ ከፋፈለው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ ባለው ላይ ብቻ ይቆማል፤ የታችኛው ትክክል መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ላይኛው አይኬድም። ሥራዎቹ ተራ የሚጠባበቁበትንም ምልክት ፈጠረ፤ ስሙን ከባቡር ሐዲድ ምልክት ወስዶ ሴማፎር አለው። በመጨረሻ ሲሞክሩት ያገኟቸው ስህተቶች ጥቃቅን የአጻጻፍ ግድፈቶች ብቻ ነበሩ። ሙከራ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ እንደማይችል የተናገረው፣ ኋላም በየመማሪያው የሰፈረው ሐሳብ፣ ከዚህ ሥራ ወዲህ የመጣ ነው።

ያ ሥራ ግን ደስታ አላመጣለትም። በዚያው ዘመን የነበረበት የትምህርት ክፍል የኮምፒውተር ጉዳይ የእኛ ሥራ አይደለም ብሎ ያሰባሰባቸውን ሰዎች በተነበት። ዳይክስትራ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ወደቀ። ራሱ እንደጻፈው ከዚያ ያወጣው መጻፍ ነው። ስለ ፕሮግራም አወቃቀር ረጅም ማስታወሻ ጻፈና በየአገሩ ላሉ ሃያ ለሚሆኑ ወዳጆቹ በፖስታ ላከላቸው። እነርሱ ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ለሌላ ሰጡ፤ ሌላውም ለሌላ። ደራሲው ኋላ በሄደበት አገር ሁሉ የአምስተኛ የስድስተኛ እጅ ቅጂ የያዙ ሰዎች ያገኙት ጀመር።

ይህ ልማዱ ሆነ። ከጊዜ በኋላ የእጅ ጽሑፎቹን ሁሉ በስሙ መጀመሪያ ፊደላትና በተራ ቁጥር እየሰየመ፣ በምንጭ ብዕር፣ ውብና ጥርት ባለ እጅ ጻፋቸው። ቁጥራቸው ከ1,300 በልጧል። አንዳንዱ የሒሳብ ማረጋገጫ ነው፤ አንዳንዱ የጉዞ ትዝብት፤ አንዳንዱ በዘመኑ ላይ የተሰነዘረ ክስ። በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ ቤቱ ኮምፒውተር ቢገባም፣ ለመጻጻፊያና ለመፈለጊያ እንጂ ለማሰቢያ አልተጠቀመበትም። የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር በብዕር ሲጽፍ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። እኔ ግን ይህ የግትርነት ምልክት ነው ብዬ አላስብም። ሐሳብ በማያልቅ ሰሌዳ ላይ እየተሰረዘ እየተደለዘ ሲጻፍ ጸሐፊው ሳያስብ መጀመር ይችላል። ብዕር ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ከመጻፉ በፊት አእምሮ ውስጥ ማለቅ አለበት። ዳይክስትራ ራሱ ስለዚህ ሲናገር ሁለት የሙዚቃ ሊቆችን ያነሳ ነበር፤ ሥራውን በጭንቅላቱ ጨርሶ የሚጽፈውን ሞዛርትንና፣ እየጻፈ እየሰረዘ የሚፈልገውን ቤትሆቨንን። በቅኔ ቤት ያለፈ አንባቢ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ ተማሪው ቅኔውን ያለ ወረቀት ቆጥሮ፣ ሞልቶ፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ቃል በቃል እየሰማ ያርመዋል።

ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር። ያለ መማሪያ መጽሐፍ፣ ያለ ተዘጋጀ ስላይድ፣ ጠመኔ ይዞ ይቆማል። አንድ ችግር ያቀርባል። ተማሪዎቹ ሐሳብ እንዲያዋጡ ይጋብዛል፤ የቀረበውን አንዱን ይከተላል፣ ሌላውን ከመርሁ ጋር ስለማይሄድ ይጥለዋል። መሐል ላይ ረጅም ዝምታ አለ። መምህር ዝም ሲል ተማሪ ይጨነቃል፤ ረሳው ይሆን ብሎ ያስባል። እርሱ ግን እያሰበ ነው፤ ማሰቡንም ተማሪዎቹ እንዲያዩት ይፈቅዳል። ተዘጋጅቶ የመጣ መልስ የሚያሳየው የደረስንበትን ነው። የተጓዝንበትን መንገድ፣ ከሁለት አማራጭ አንዱን ለምን እንደተውን፣ ማሳየት የሚቻለው ተማሪው ፊት እንደገና በማሰብ ብቻ ነው። ለዚህ ድፍረት ያስፈልጋል፤ ሰው ፊት ሲያስቡ መሰናከል ይኖራልና።

አይንድሆቨን ሳለ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሚገናኙ ባልደረቦች ነበሩት፤ ኦስቲን ሲሄድም ሌላ እንዲህ ያለ ስብስብ አቋቋመ። የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ጽሑፍ ይዘው መስመር በመስመር ያነባሉ። ይዘቱን ብቻ አይደለም፤ ምልክቱ ለምን እንዲህ ተመረጠ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ከዚያኛው ለምን ቀደመ፣ ይህ ቃል ምን ይሠራል ይላሉ። በአንድ ከሰዓት ጥቂት ገጽ ቢያልፉ ነው። አንድን ጽሑፍ በዚህ ትዕግሥት የሚያነብ ሰው ሲጽፍም አንባቢውን ያከብራል።

የፈተና ጥያቄዎቹ ራሳቸው ምርምር ነበሩ። በ1965 ለተማሪዎቹ ያወጣው አንድ ጥያቄ፣ ጥቂት የማግኔት ቴፕ ማጫወቻዎችን ስለሚሻሙ ኮምፒውተሮች ነበር። እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ቶኒ ሆር ኋላ አምስት ፈላስፎች ክብ ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡበት ታሪክ አደረገው። በእያንዳንዱ ሁለት ፈላስፎች መካከል አንድ ሹካ አለ፤ ለመብላት ሁለት ሹካ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ በግራቸው ያለውን ሹካ ቢያነሱና የቀኙን ቢጠብቁ፣ አንዳቸውም ስህተት ሳይሠሩ ሁሉም በረሃብ ያልቃሉ። እያንዳንዱ ደንቡን አክብሯል፤ ጥፋቱ ደንቡ ውስጥ ነው። ጥያቄው ዛሬም ድረስ በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ተማሪውን ለመፈተን የታሰበ ጥያቄ መስኩን ራሱን ሲፈትን የኖረበት ምሳሌ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ሌላ አላውቅም።

ከእርሱ ጋር የማልስማማበትም አለ። በ1988 ኮምፒውተርን በእውነት ማስተማር ጭካኔ የሚጠይቅ መሆኑን በጻፈበት ማስታወሻ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፕሮግራሙን ማሽን ላይ እንዳይሞክር ሐሳብ አቀረበ። ተማሪዎቹ የሚማሩበት ቋንቋ ግቢው ውስጥ በሚገኝ በምንም ኮምፒውተር ላይ እንዳይኖር ይደረግ፤ የሞከረ ሰው ማረጋገጥን አይማርም አለ። ምክንያቱ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ብዙ ተማሪ ፕሮግራም የሚፈተነው ወረቀት ላይ በመሆኑ፣ ያለ ማሽን ማሰብ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ አንዳንድ ጊዜ ጥሩ ነገር ይወጣበታል። ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ በር አይገባም። ነክቶ፣ አበላሽቶ፣ ማሽኑ ሲመልስለት ተገርሞ ከዚያ ምክንያቱን ለመፈለግ የሚነሳ ልጅ አለ፤ ያንን በር ከዘጋንበት ለምን ወደሚለው ጥያቄ ሳይደርስ ይቀራል። ዳይክስትራ ሰዎችን የራሱን አእምሮ ቅርጽ የያዙ አድርጎ ያይ ነበር። በባልደረቦቹ ሥራ ላይ የሚጽፈው ትችትም እጅግ መራር ነበር፤ ብዙ ሰው አስቀይሟል። የሰላ ሐሳብ ለማቅረብ ያን ያህል መራርነት የግድ ነበር ብዬ አላምንም።

ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በ1974 ያሳተመው ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ማሽኖች ክብ ሠርተው ተያይዘዋል። ማዕከላዊ አዛዥ የለም፤ እያንዳንዱ ማየት የሚችለው የጎረቤቱን ሁኔታ ብቻ ነው። በሥርዓቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተራው የአንድ ማሽን ብቻ እንዲሆን ተፈልጓል። አሁን አንድ ክፉ አደጋ ደረሰ እንበል፤ የሁሉም ማሽኖች ሁኔታ ተዘበራረቀ፤ ተራው የኔ ነው የሚሉ ብዙዎች ሆኑ። ማንም ከውጭ መጥቶ ሳያስተካክለው፣ ማንም ሙሉውን ሥዕል ሳያይ፣ ሥርዓቱ ራሱ ወደ ቀናው ሁኔታ ሊመለስ ይችላል? ዳይክስትራ እንደሚችል አሳየ። አንዷ ማሽን ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ደንብ አላት፤ ከጎረቤቷ ጋር ስትመሳሰል ቁጥሯን ወደሚቀጥለው ታሳድጋለች። ሌሎቹ ደግሞ ከጎረቤታቸው ሲለዩ የጎረቤታቸውን ቁጥር ይወስዳሉ። ቁጥሮቹ በበቂ መጠን ብዙ ከሆኑ፣ ከየትኛውም ብጥብጥ ቢነሱ፣ በመጨረሻ ተራው የአንዱ ብቻ ይሆናል፤ ከዚያም ወዲያ አይበላሽም።

ይህ ጽሑፍ ለዓመታት ብዙም ሳይታወስ ተኛ። በ1983 የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ሌስሊ ላምፖርት በአንድ ጉባኤ ላይ ከዳይክስትራ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ድንቅ የሆነው ይህ ነው ብሎ ከተናገረለት በኋላ ነው ሌሎች ተመራማሪዎች ዞር ብለው ያዩት። በ2002 ለዚሁ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው፤ ደራሲው ጥቂት ቆይቶ አረፈ፤ ሽልማቱም በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ተሰየመ። የምሁር ሥራ በዓመት ሪፖርት ሲለካ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ሁለት ገጾች ትዝ ይሉኛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እምብዛም ያልተጠቀሰ ሥራ፣ በዛሬው መለኪያ ቢታይ ባከነ ይባል ነበር።

አሁን ማሽኑ ራሱ ፕሮግራም ይጽፋል። በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የምንፈልገውን ብንነግረው በሰከንዶች ውስጥ ኮድ ያወጣልናል። ዳይክስትራ በ1978 በተፈጥሮ ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍን ሞኝነት ሲል ከሶት ነበር። የሒሳብ ምልክት ሸክም አይደለም፤ ጥንት ሊቃውንት ብቻ የሚችሉትን ዛሬ የትምህርት ቤት ልጅ እንዲሠራው ያደረገ ስጦታ ነው፤ ወደ ልቅ ቋንቋ መመለስ ያንን ስጦታ መጣል ነው የሚል ነበር ሙግቱ። ማሽኖቹ እንደጠበቀው አልሆኑም፤ ብዙ ጊዜ የምንለውን ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመቀበል በፊት ያለው ጥያቄ አልተለወጠም። ኮዱ መጣ፤ ተሞከረ፤ ሠራ። በምን አውቃለሁ? ድሮ ጸሐፊው ቢያንስ የጻፈውን ያስብ ነበር። ዛሬ ያላሰብነውን ነገር በብዛት እየተቀበልን ነው፤ ትክክል መሆኑን የመመርመር ሸክም ደግሞ ሙሉ በሙሉ በአንባቢው ላይ ወድቋል። ማንበብና ማረጋገጥ ከመጻፍ ይልቅ ዋና ችሎታ የሚሆንበት ዘመን መጥቷል፤ ያ የማክሰኞ ስብስብ ለዚህ ዘመን ታስቦ ከተሠራ ትምህርት ይልቅ የሚበጅ ነው።

መምህራንም ተቸግረዋል። ተማሪው ይዞት የመጣው የቤት ሥራ የማን ሐሳብ እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። አንዳንዱ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይገዛል፤ አንዳንዱ የቤት ሥራን ጭራሽ ይተዋል። ዳይክስትራ ኦስቲን ውስጥ ያደርግ የነበረው ሌላ ነው። ከባድ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ የተማሪዎቹን መልስ በጥንቃቄ ያጠናዋል። የመጨረሻውን ፈተና ደግሞ በቃል ነበር የሚፈትነው፤ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ቢሮው ወይም ቤቱ እየጠራ፣ ለእያንዳንዱ ብዙ ሰዓት እየሰጠ፤ ሥራው ሙሉ ሳምንት ይወስድበት ነበር። ተማሪው የጻፈውን መስመር ሁሉ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ከማን እንደመጣ መመርመር አያስፈልግም፤ ምክንያቱን መናገር የቻለ ሰው ሐሳቡን የራሱ አድርጎታል።

ይህን ስናገር የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ኦስቲን ሌላ ነው፤ እኛ አንድ ክፍል ውስጥ መቶ ተማሪ አለን፤ መምህሩ ሦስት ኮርስ ይዟል፤ ለእያንዳንዱ ብዙ ሰዓት ከየት ይመጣል? እውነት ነው፤ አይመጣም። ነገር ግን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንን መቶ ወረቀት ለማረም የምናጠፋውን ጊዜ፣ ከወረቀቱ በስተጀርባ ማን እንዳለ ሳናውቅ የምንሰጠውን ነጥብ አስቡት። ለአንድ ተማሪ ሩብ ሰዓት ብንሰጥ መቶ ተማሪ ሃያ አምስት ሰዓት ነው። የሦስት የሥራ ቀን ያህል ጉዳይ ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ተማሪው ከጻፋቸው መስመሮች አንዷን መርጠን፣ ይህች ብትወጣ ምን ይሆናል ብለን ብንጠይቀው፣ ወረቀቱ ሊነግረን ያልቻለውን እንሰማለን፤ ተማሪውም ምናልባት በአራት ዓመት ቆይታው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መምህር ለብቻው ሐሳቡን ሲያዳምጠው ያያል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር በአንድ ኮርስ ብቻ፣ በአንድ ክፍል ብቻ መጀመር ይቻላል።